ናኖ ይጨመር ወይስ ይቅር? ለነዳጅ መስክ ኬሚካል ለሚመርጡ

ተልባ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይዝለገለጋል። እንዶድ ደግሞ ተቀጥቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ቅባት ያስለቅቃል። ድፍድፍ ነዳጅን በኬሚካል ከአለት የማስለቀቅ ሥራም ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ አይርቅም። አንዱ ኬሚካል ውሃውን ያወፍራል፣ ሌላው ቅባቱን ያላቅቃል። ልዩነቱ ድስቱ መሬት ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ወርዶ መገኘቱ ነው። እዚያ ታች ሙቀቱ አይጣል ነው። ውሃውም ብዙ ጊዜ ከባሕር ውሃ የባሰ ጨዋማ ነው።

በዚህ ሙያ ዙሪያ አዲስ ጥናት ስታገላብጡ ደግሞ «ናኖ» የሚለው ቃል በየገጹ ይመጣል። በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ሲሊካ ናኖ፣ አሉሚና ናኖ፣ ግራፊን ናኖ... ሁሉም ተጨማሪ ዘይት አወጣሁ ይላል። ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ርዕስ የሚሠራ ተማሪ ነው። ሌላው ባሕረ ሰላጤው አገር መስክ ላይ ተቀምጦ ሻጭ ያማረ ወረቀት የሚያመጣበት ባለሙያ ነው። (አገር ቤት ካሉብና ሂላላ ላይ ያለን በዋናነት ጋዝ ነው። ይህ ጨዋታ ለእሱ አይደለም።)

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ናኖ ቅንጣት ረዳት እንጂ ሹፌር አይደለም። ሹፌሮቹ ፖሊመር፣ ሰርፋክታንትና አልካላይ ናቸው። ረዳት የሚቀጠረው ደግሞ ሹፌሩ ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲኖር ነው። ስለዚህ «የትኛው ናኖ ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት «ኬሚካሌ የትኛው ላይ ነው የሚሸነፈው?» በሉ። ሙቀት ላይ? ጨው ላይ? ወይስ አለቱ እየዋጠው? መልስ ከሌላችሁ ናኖ አያስፈልጋችሁም።

ዘይቱ ለምን ይቀራል?

ጉድጓድ ሲከፈት ዘይቱ መጀመሪያ በራሱ ግፊት ይወጣል። ግፊቱ ሲደክም በሌላ ጉድጓድ ውሃ ይገባና ከኋላ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በዓለም ደረጃ የሚወጣው በአማካይ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። የቀረው እዚያው አለቱ ውስጥ ይከርማል።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ውሃ ቀጭን ነው፤ ወፍራም ዘይት ሲያጋጥመው አቋራጭ ፈልጎ ያልፈዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ፖሊመር ነው፤ ውሃውን እንደ ተልባ ያወፍረዋል። ሁለተኛ፣ ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይም የዘይት ጠብታዎች በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተወሽቀው ይቀራሉ። የያዛቸው በዘይትና በውሃ መካከል ያለው የገጽ ውጥረት ነው። ሰርፋክታንት፣ ማለትም ሳሙናው፣ ይህን ውጥረት ከ20 ወይም 30 ሚሊኒውተን በሜትር ወደ 0.001 ገደማ ያወርደዋል። አልካላይ ርካሹ ዘዴ ነው። ዘይቱ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተዋህዶ እዚያው ታች ሳሙና ይሠራል። አመድና ቅባት አብሮ ሲፈላ ሳሙና እንደሚወጣው ማለት ነው።

እነዚህ የተፈተኑ ናቸው። የቻይናው ዳቺንግ እ.ኤ.አ. በ1959 የተገኘ መስክ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1996 ጀምሮ ፖሊመርን በኢንዱስትሪ ደረጃ ሲያስገቡበት ኖረዋል። በውሃ ከሚገኘው በላይ፣ መጀመሪያ ከነበረው ዘይት 10 በመቶ ያህል አገኙ። ሦስቱን ኬሚካል ሲያጣምሩ ደግሞ ወደ 20 ተጠጉ። ግን አልካላዩ ዋጋ አስከፈላቸው። ጉድጓዶቹና ፓምፖቹ ውስጥ ድንጋይ እየጋገረ ሥራ ያስቆም ነበር።

ኦማን ደግሞ ማርሙል የሚባል መስክ አለ። ዘይቱ ከውሃ ወደ 90 እጥፍ ይወፍራል። ሙቀቱ ግን 50 ዲግሪ አይሞላም፣ ውሃውም ጨው አያበዛም። በ2010 ፖሊመር በሰፊው ማስገባት ጀመሩ፤ ተራውን ፖሊመር፣ ያለ ምንም ናኖ። ሥራውን ሠራ። የሻጭ ወረቀት ሲመጣላችሁ ማርሙልን አስታውሱ።

ፖሊመር ከናኖ ጋር

ተራው ፖሊመር ከፊሉ ሃይድሮላይዝ የሆነ (ከውሃ ጋር ተዋህዶ የተለወጠ) ፖሊአክሪላማይድ ነው። ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲዘረጋ ያወፍራል። ሦስት ጠላት አለው። ጨው ሲበዛ ሰንሰለቱ ይሸበሸብና ውፍረቱ ይወርዳል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ቀስ በቀስ ይለወጥና ውሃው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ካለ ይዘቅጣል። በጠባብ ቫልቭ በኃይል ካለፈም ይበጣጠሳል።

ሲሊካ ናኖ የሚገባው እዚህ ነው። የሲሊካው ገጽ ከፖሊመሩ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛል። ብዙ ሰንሰለት በቅንጣቶቹ ላይ ሲቋጠር እንደ መረብ ይሆናል። በላቦራቶሪ ይህ ድብልቅ በሙቀትና በጨው ውስጥ ውፍረቱን ከተራው ፖሊመር በተሻለ ይዞ ይቆያል። ይህ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው፣ አልክደውም።

ግን ውድድሩ ከተራው ፖሊመር ጋር ብቻ መሆን የለበትም። ብዙ ጥናት የሚያጭበረብረን እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ኤቲቢኤስ የሚባል ክፍል የተጨመረባቸው ፖሊመሮች አሉ። እነዚህ ወደ 100 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ የሚቋቋሙ ናቸው። በቶን የሚመረቱ፣ መስክ ላይ የገቡ፣ አቅራቢያቸው የሚታወቅ ናቸው። ሌላም አማራጭ አለ። የሚገባውን ውሃ ጨው መቀነስ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ሆኖም የፖሊመሩን ፍጆታ በጣም ስለሚያወርደው አንዳንዴ ራሱን ይከፍላል። ዛንታንም አለ። ጨው አይፈራም፤ ችግሩ ባክቴሪያ ይበላዋል።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ እመርጣለሁ። ከ70 ዲግሪ በታችና ጨው ካልበዛ ተራ ፖሊመር፣ ናኖ የለም። ከ70 እስከ 95 አካባቢ መጀመሪያ ኤቲቢኤስ ያለበትን ሞክሩ። ከዚያ በላይ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ላይ ከሆናችሁ፣ ያኔ የናኖና የፖሊመር ድብልቅ ላቦራቶሪ ቢገባ አያስቆጭም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ውፍረት ጨመረ ማለት አለቱ ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። ፖሊመርና ቅንጣት አብረው ከጓጎሉ የጉድጓዱን አፍ ይደፍኑታል። የተደፈነ ጉድጓድ ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ያተረፋችሁትን ሁሉ ይበላዋል።

ሰርፋክታንት ከናኖ ጋር

ይህ ጥንድ የበለጠ ይማርከኛል፤ ምክንያቱም ሰርፋክታንት ውድ ነው፣ አለቱም ይሰርቀዋል። አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ሰርፋክታንት የኖራ ድንጋይ ውስጥ ስታስገቡት፣ ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ አዎንታዊ ስለሆነ ይለጥፈዋል። ዘይቱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።

ናኖ ቅንጣት ሊረዳ የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ቀድሞ ሄዶ አለቱ ላይ ያለውን ቦታ ይይዛል፣ ሳሙናው የሚለጠፍበት ያጣል። ወይም ሳሙናውን ተሸክሞት ይጓዛል። ሁለቱም ላቦራቶሪ ውስጥ ታይተዋል። ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል፤ ሳሙናው ቅንጣቱ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ዘይቱ ጋ የሚሠራ አይኖርም። አለቱ የሚሰርቀውን ቅንጣቱ ሰረቀው ማለት ነው። ስለዚህ የሁለቱ ሙል መጠናት አለበት፤ ተቃራኒ ሙል ያላቸውን በዘፈቀደ አታጋቡ።

እዚህም ተራ ተፎካካሪ አለ፦ ሶዲየም ካርቦኔት። የውሃውን ፒኤች ከፍ ሲያደርገው የድንጋዩ ሙል ይለወጣል፣ ሳሙናው አይለጠፍም። ርካሽ ነው። ግን ውሃው ካልሲየም ካለበት ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ውሃውን ከካልሲየም ማጽዳት የግድ ነው። እንግዲህ ለናኖ ትክክለኛ ቦታ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ፣ ማጽዳት የማያዋጣ ከሆነ፣ አለቱም ሳሙና የሚበላ ከሆነ፣ ሹፌሩ የእውነት ረዳት ያስፈልገዋል።

የአልካላይና የናኖ ጥንድን በአጭሩ ልለፈው። አልካላይ ጨው ጨማሪ ነው፣ ጨው ደግሞ ቅንጣቶችን ያጓጉላል። ሌላ አማራጭ ካላችሁ አትጀምሩት።

ናኖ ብቻውንስ?

ሹፌር የሌለው ታክሲ። ግን ሳይንሱ ያምራል። ዋሳን እና ኒኮሎቭ በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በጠብታውና በጠጣሩ ገጽ መካከል ባለችው ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ቅንጣቶች ሲደረደሩ ጠብታውን እንደ ሽብልቅ ከሥሩ ይፈነቅሉታል። በተጨማሪም ዘይት ይወድ የነበረውን አለት ውሃ ወዳድ ያደርጉታል። የገጽ ውጥረቱን ግን ብዙም አያወርዱም። ሳሙናው ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ሲያወርደው እነሱ ብቻቸውን ግፋ ቢል ጥቂት እጥፍ ነው።

መስክ ላይ በተሻለ የተሳካው ሌላ ሥራ ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ ኩፒያጓ እና ካስቲያ መስኮች ላይ ናኖ ያለበት ፈሳሽ በአምራች ጉድጓዶች አካባቢ ተሞክሯል። አስፋልቲን የሚባለው ጥቁር ዝቃጭ እንዳይጋገርና ወፍራሙ ዘይት እንዲፈስ ረድቷል። ይህ የጉድጓድ ዙሪያ ሕክምና ነው፤ መስኩን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ከማጠብ ይለያል። ሻጮች ሁለቱን ሲያደባልቁ ካያችሁ አስቁሟቸው።

ሌላ ጥሩ ቦታ አረፋ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ቀጭን ስለሆነ አቋርጦ ይሮጣል፤ አረፋ ከሆነ ግን ይረጋጋል። የሳሙና አረፋ በሙቀትና በዘይት ቶሎ ይሞታል። ናኖ ቅንጣት ግን የአረፋው ገጽ ላይ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። ሒሳቡን ሠርቼው ነበር። ራዲየሱ 10 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት፣ የገጽ ውጥረቱ 30 ሚሊኒውተን በሜትር በሆነበት፣ ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሙቀት ንዝረቱ ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው። ያ እንግዲህ በጣም ለተመቸው አቀማመጥ ነው። የሳሙና ሞለኪውል ግን ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ጋዝ የምታስገቡ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሜ የምሞክረው ይህንን ነው።

የትኛው ቅንጣት?

ባጭሩ ሲሊካ። የተቀረውን ለምን እንደማልመርጥ ልንገራችሁ።

ሲሊካ ርካሽ ነው፣ በብዛት ይመረታል፣ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ገጹን ሲሌን በሚባል ኬሚካል መቀባት ይቻላል። በተፈጥሮው አሉታዊ ሙል ስላለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ሳይለጠፍ ይጓዛል። አሉሚና ከፒኤች 9 በታች አዎንታዊ ስለሆነ አሸዋ ድንጋዩ ላይ ቶሎ ይለጠፋል። የዘይት ዝቃጭን ለመያዝ ግን ጎበዝ ነው፤ ለጉድጓድ ዙሪያ ሕክምና አስቡት። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቶሎ ይጓጉላል። ብናኙን መተንፈስ ደግሞ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም መድቦታል። የብረት ኦክሳይድ በማግኔት ተመልሶ ይለቀማል፤ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ መስክ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግራፊን ኦክሳይድና የካርቦን ቱቦዎች ለጥናት ጽሑፍ ጥሩ ናቸው። ለሺህ ቶን ውሃ አይደሉም።

ምንም ዓይነት ብትመርጡ በዱቄት አትግዙ። በፈሳሽ የተበተነ ግዙ። ዱቄቱ ለሳንባ አደጋ ነው፤ ደግሞም አንዴ የደረቀና የተጣበቀ ቅንጣትን መልሶ መበተን ከባድ ነው።

ሁሉም የሚወድቅበት ፈተና

ቡና ከተፈላ በኋላ ጀበናው ለምን ይቀመጣል? አተላው እንዲዘቅጥ ነው። የናኖ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከዘቀጠ አለቀ። የአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች አንገታቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮሜትር ይሰፋል። 20 ናኖሜትር ቅንጣት እዚያ ውስጥ ሲያልፍ ሰፊ በር ላይ እንደሚያልፍ ዶሮ ነው። ነገር ግን መቶና ሺህ ሆነው ከተጣበቁ በሬ ይሆናሉ። የአንገቱን አንድ ሰባተኛ ያህል ከሆኑ መጠራቀም ይጀምራሉ፣ አንድ ሦስተኛ ከደረሱ ይዘጉታል፤ በሙያው የቆየ የጣት ሕግ ነው።

የሚያጣብቃቸው ጨው ነው። ቅንጣቶቹ የሚራራቁት ተመሳሳይ ሙል ስላላቸው ነው፤ ጨው ይህን መገፋፋት ያዳክመዋል። ካልሲየም ደግሞ ከሶዲየም በጣም ይብሳል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ውሃውን ትንሽ አሲድ በማድረግ ሲሊካን በባሕር ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። ሌሎች ገጹን ይቀቡታል። የቀባ ያሸንፋል ባይ ነኝ፤ አሲዱን የኖራ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋላ።

እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለ። የሳዑዲው አራምኮ በ2010 ጋዋር መስክ ውስጥ፣ አረብ-ዲ በሚባለው ክፍል፣ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ካርቦን ነክ ቅንጣቶችን አስገብቶ አስወጥቷል። ቦታው ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ነው። ጨውም ከ100,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 100,000) በላይ አለው፤ የባሕር ውሃ 35,000 ነው። አብዛኞቹ ተመልሰው ወጡ። የዘይት ማውጫ አልነበሩም፣ መንገድ ጠቋሚ እንዲሆኑ የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም በዚያ ሲኦል ውስጥ ሳይጓጉሉ መመለሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

ስንት ቶን ነው?

ላቦራቶሪ ውስጥ 0.05 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። መስክ ላይ እናውጣት። ቀዳዳው በድምሩ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሆነ ትንሽ ክፍል ወስደን ግማሹን ያህል እናስገባ፤ 500,000 ቶን ውሃ። 0.05 በመቶው 250 ቶን ናኖ ነው። በ1,000 ፒፒኤም የሚገባው ፖሊመር ደግሞ 500 ቶን። 250 ቶኑ የተቀባ፣ የተበተነ፣ ጥራቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሲሊካ መሆን አለበት። በወር ስንት ያቀርባሉ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል።

ጥናት ስታነቡ

«ተጨማሪ 10 በመቶ አወጣን» ሲል የምን 10 በመቶ? ከመጀመሪያው ዘይት ነው ወይስ ውሃ ካጠበው በኋላ ከቀረው? ግማሹ ቀርቶ ከነበረ ከቀሪው 10 በመቶ ማለት ከመጀመሪያው 5 በመቶ ብቻ ነው። ውሃው ምን ነበር? 3 በመቶ የገበታ ጨው ብቻ ከሆነ ካልሲየም የለም፤ የእናንተን መስክ አይመስልም። ሙቀቱስ? የክፍል ሙቀት ከሆነ ለትምህርት ይጠቅማል እንጂ ለግዥ አይሆንም። አለቱ የኦሃዮው ቤሪያ አሸዋ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሚመቹት አንዱ ነው። የእናንተ አለት እንደሱ አይታዘዝ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የማወዳደሪያውን መስመር ፈልጉ። ናኖ ያለውን ፖሊመር ከባዶ ውሃ ጋር ያወዳደረ ጥናት ስለ ናኖው ምንም አልነገረንም። ያው ፖሊመር፣ ያው መጠን፣ መንትያ አለት፣ ናኖ የሌለው ሙከራ መኖር አለበት። ግፊቱ በጊዜ እንዴት እንደሄደ የሚያሳይ ሥዕልም ፈልጉ። ዘይት እየወጣ ግፊቱ ሳያቋርጥ ከወጣ ቅንጣቶቹ እየደፈኑ ነው። አጭር ሙከራ ላይ መድፈን ራሱ ውሃውን ወደ ሌላ መንገድ ስለሚልከው ዘይት ያስወጣል፣ ጥናቱም ያማረ ይመስላል። በሦስተኛው ዓመት ግን ጉድጓዱ አይውጥም።

ሻጩ ቢሮ ሲመጣ አትከራከሩት። ከራሳችሁ መስክ 20 ሊትር ውሃ ስጡት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀላቀለ ሳይሆን ከቧንቧው የተቀዳ። ምርቱን በዚያው የእናንተ ውሃ ውስጥ በትኖ፣ ኦክስጅን ሳይገባበት፣ በመስኩ ሙቀት ምድጃ ውስጥ 30 ቀን ያቆየው። ናኖ የሌለው ጠርሙስም አብሮ ይቀመጥ፤ ያው ኬሚካል ብቻውን። በ30ኛው ቀን ሁለቱንም በማጣሪያ አሳልፉ፣ ውፍረታቸውንም ለኩ። ናኖ የሌለው ጠርሙስ ሳይበላሽ ከቆየ ግዥው እዚያው ያበቃል። ናኖ ያለው ብቻ ሳይበላሽ ከቆየ ወደ አለት ሙከራ ሂዱ። ሥሩ ላይ አተላ ካያችሁ ግን ሻጩን ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።